28 ካሬ የሚያሳየው ዚኦንና 12 ካሬ የሚያሳየው አይ5፣ አዳማ ላይ ሁለቱንም ሠርቼባቸው ያየሁት

ይሄን የምጽፈው ሰሞኑን ብቻ ሦስት ሰው "የሰርቨር ፕሮሰሰር ያለው ኮምፒውተር ልገዛ ነው፣ እንዴት ታየዋለህ?" ብሎ ስለጠየቀኝ ነው። ሦስቱም እዚሁ አዳማ ነው የሚሠሩት፣ ሁለቱ ቪዲዮ ኤዲተር ናቸው አንዷ አካውንታንት ናት፣ ሦስቱንም ሻጭ ያሳመናቸው ደግሞ በኮር (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ስሌቱን በሚሠራው ክፍል) ብዛት ነው። እኔንም ያሳመነኝ እሱ ስለሆነ በደንብ ልንገራችሁ፣ ብር ከኪስ ከመውጣቱ በፊት ቢነበብ ደስ ይለኛል።

እኔና የአጎቴ ልጅ ፖስታ ቤት አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይተን ነው የምንሠራው። እኔ የሰርግና የክርስትና ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ፣ እሷ አርክቴክት ናት፣ ስኬችአፕ ላይ ሞዴል ሠርታ በቪሬይ ሬንደር ታወጣለች፣ ማለትም ሞዴሉን ፎቶ የሚመስል ምስል ታደርገዋለች። መጀመሪያ የገዛነው ያገለገለ ኤችፒ ዜድ440 ነው፣ ውስጡ የኢንቴል የሰርቨር (ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚያገለግል ኮምፒውተር) ፕሮሰሰር የሆነው ዚኦን ኢ5-2680 ቪ4 አለው፣ 64 ጊጋ ራም፣ ከሱ ጋር ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር ካርድ ጨመርንበት። ከስምንት ወር በኋላ ደግሞ ኮር አይ5-12400 ያለው ተራ ዴስክቶፕ አስገጣጠምን፣ 16 ጊጋ ራም ያለው። አሁን ሁለቱም አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ናቸው፣ ሥራውን ከአንዱ ወደ አንዱ እያዞርን ስንሠራ ዓመት ሞላን። ዋጋ አልጽፍላችሁም፣ ዛሬ ብጽፈው በወሩ ይቀየራል፣ ግን እኛ በገዛንበት ጊዜ ዚኦኑ ከነ 64 ጊጋ ራሙ ከአዲሱ ዴስክቶፕ ይረክስ ነበር፣ የሚያማልለውም እሱ ነው።

የገዛንበትን ቀን እስካሁን አስታውሰዋለሁ። ልጁ ኮምፒውተሩን አብርቶ ታስክ ማናጀር ከፈተና የሲፒዩውን ግራፍ ወደ ትናንሽ ካሬ ቀየረው፣ ስክሪኑ ሙሉ 28 ካሬ። "ወንድሜ ይሄ 28 ኮር ነው፣ ሰርቨር ላይ የነበረ፣ አይ5 እና አይ7 ከዚህ ጋር አይወዳደርም" አለኝ። ይሄ ትክክል አይደለም። ይህ ፕሮሰሰር ያለው 14 ኮር ነው፣ 28ቱ ትሬድ ነው። ሃይፐር ትሬዲንግ የሚባለው ነገር አንዱን ኮር ለዊንዶውስ ሁለት አስመስሎ ያሳየዋል፣ አንዱ ሥራ ዳታ ከራም እስኪመጣ ቆሞ ሲጠብቅ ሌላው በዚያች ክፍተት ኮሩን ይጠቀምበታል። ጥቅም አለው፣ ግን ሁለት ኮር አያደርገውም። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ካሬ ቆጥሮ የሚያሳያችሁ ካለ ታስክ ማናጀሩ ላይ እዚያው ከታች "ኮርስ" የሚለውን ቁጥር አንብቡ፣ ከሱ ቀጥሎ "ሎጂካል ፕሮሰሰርስ" የሚለው ሌላ ነው።

አሁን ቁጥሩን ጎን ለጎን እንየው። ዚኦኑ በፈረንጅ 2016 የወጣ ነው፣ 14 ኮር፣ መነሻ ፍጥነቱ 2.4 ጊጋኸርዝ፣ በጣም ሲፈጥን 3.3፣ ካሹ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለችው ትንሽ ፈጣን ማስቀመጫ) 35 ሜጋ፣ የተመደበለት ኃይል 120 ዋት። አይ5ቱ 2022 መጀመሪያ ላይ የወጣ ነው፣ 6 ኮር 12 ትሬድ፣ መነሻው 2.5፣ ሲፈጥን 4.4፣ ካሹ 18 ሜጋ፣ መነሻ ኃይሉ 65 ዋት፣ በጣም ሲፈጥን እስከ 117 ይወጣል። ወረቀት ላይ ያየ ሰው 14 ከ6 ይበልጣል ብሎ ይጨርሳል፣ እኔም ያኔ እንደዚያ ነበር ያሰብኩት። ግን መሃላቸው የስድስት ዓመት ልዩነት አለ፣ በዛ ስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ኮር በአንድ ኸርዝ የሚሠራው ሥራ ራሱ ጨምሯል፣ ስለዚህ ልዩነቱ 3.3 እና 4.4 ብቻ አይደለም፣ ኮር ለኮር ብታስተያዩት ዚኦኑ የአይ5ቱን ግማሽ ያህል ነው የሚሄደው።

ይሄ ግማሽ የሚባለው ነገር መጀመሪያ የታየን ስኬችአፕ ላይ ነው። የአጎቴ ልጅ የአንድ ጂ+4 ሕንፃ ሞዴል ከፍታ ከነ ወንበሩ ከነ ዛፉ አዙራ ለማየት ትሞክራለች፣ ማውሱን ትጎትታለች፣ ስክሪኑ ይቆማል፣ ከዛ ዘሎ ሌላ ቦታ ይደርሳል። ሴቭ ስትለው ነጭ ይሆንና "ኖት ሪስፖንዲንግ" ይላል። "አንተ፣ ይሄ ነው 28 ኮሩ?" አለችኝ ተናድዳ። ታስክ ማናጀር ከፈትን፣ ያው 28 ካሬ፣ ሲፒዩው ግን 4 ወይ 5 ከመቶ ላይ ነው ያለው፣ ሁሉም ካሬ ባዶ ማለት ይቻላል። ማሽኑ ተቀምጧል፣ ፕሮግራሙ ቆሟል! ቆይቶ ነው የገባን፣ 100ን ለ28 ብታካፍሉት 4 እንኳን አይሞላም፣ ማለትም አንድ ትሬድ ብቻ ነው እየሮጠ ያለው፣ የቀሩት 27ቱ ሥራ የላቸውም። ስኬችአፕ ሞዴሉን ሲያዞርና ሲያስቀምጥ በአብዛኛው በአንድ ኮር ነው የሚሠራው፣ ሌሎቹ የሕንፃ ንድፍ ፕሮግራሞች፣ አውቶካድም እንደዛው ነው፣ ሬቪትም ብዙው ሥራው እንደዛ ነው።

ደቦ አስቡ። የአንድ ማሳ ጤፍ ለማጨድ 14 ሰው ቢወጣ በ14 ተካፍሎ ያልቃል፣ አንድ ምጣድ ላይ ግን 14 ሰው ቢቆም እንጀራው ቶሎ አይበስልም። ፕሮግራምም እንዲሁ ነው፣ ሥራው የሚከፋፈል ከሆነ ኮር ብዛት ይረዳል፣ ቀጣዩ ስሌት የፊተኛውን ውጤት የሚጠብቅ ከሆነ ግን የአንዱ ኮር ፍጥነት ነው የሚወስነው። ዊንዶውስ ስትከፍቱ፣ ክሮም ላይ ገጽ ስትከፍቱ፣ ኤክሴል ላይ ስትሠሩ፣ ፒችትሪ ላይ ሂሳብ ስትመዘግቡ፣ የምትጠብቁት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ኮርን ነው።

ያው ሞዴል አይ5ቱ ላይ ሲከፈት በጣም ነው የተገረምነው። ግራፊክስ ካርዱን ነቅለን ወደሱ አዙረን ነው የሞከርነው፣ ካርዱ እንዳያሳስተን ብለን፣ እና ልዩነቱ እዛው እጅ ላይ ይታወቃል፣ ሞዴሉ ማውሱን ተከትሎ ይዞራል። ከዛን ቀን ጀምሮ ሞዴል መሥራት ሙሉ በሙሉ ወደ ዴስክቶፑ ሄደ።

ግን ዚኦኑን ለመጣል አትቸኩሉ፣ ቪሬይ ላይ ሌላ ማሽን ነው። ሬንደር ስታዘው 28ቱም ካሬ እስከ ላይ ይሞላል፣ ስክሪኑ ላይ እነዛ ትናንሽ ሳጥኖች እዚህም እዚያም እየተሞሉ ይሄዳሉ፣ እያንዳንዱን ሳጥን አንድ ትሬድ ይዞ ነው፣ ማንም ማንንም አይጠብቅም። እዚህ ላይ ያንኑ ፋይል ሁለቱ ላይ እኩል አስጀምረን ሞክረነዋል፣ ተቀራርበው ነው የጨረሱት። ይሄ ለሁለቱም ምስጋና ነው እላለሁ፣ አሮጌው ሰርቨር ፕሮሰሰር በብዛቱ የስድስት ዓመት ታናሹን ደረሰበት፣ አይ5ቱም በ6 ኮር 14 ኮር የሚሠራውን ሠራ።

ከዛ ሥራው ትልቅ ሲሆን ነገሩ ተገለበጠ። አንድ ሰው የሪዞርት ግቢ አዘዛት፣ ሳር፣ ዛፍ፣ መዋኛ፣ ሁሉም ነገር ያለበት። አይ5ቱ ላይ 16 ጊጋው ሞላና ዊንዶውስ ትርፉን ኤስኤስዲ ላይ ማስቀመጥ ጀመረ፣ ሬንደሩ ተንፏቀቀ፣ በመጨረሻ ቪሬይ ራሱ ተዘጋ። ዚኦኑ ላይ 64 ጊጋው አልሞላም፣ ማታ ጀምራው ሄደች ጠዋት ምስሉ አልቆ ነበር። ስለዚህ ኮር እያልን ስንከራከር የወሰነው ራም ሆነ። ያኔ ያገለገለ የሰርቨር ራም ከዴስክቶፕ ራም በጣም ይረክስ ስለነበረ እንጂ አይ5ቱም 64 ጊጋ ይችላል፣ እኛ እንኳን በኋላ 32 አድርገነዋል።

ራም ካነሳሁ አይቀር ሁለት ነገር ልበል፣ ብዙ ሰው ስለሚከስርበት። የዚኦኑ ራም ሬጂስተርድ ኢሲሲ (ስህተት የሚያርም የሰርቨር ራም) ይባላል፣ ዲዲአር4 ነው፣ ቅርጹም ከዴስክቶፑ ዲዲአር4 ጋር አንድ ነው፣ ማስገቢያው ውስጥ ይገባል፣ ግን ዴስክቶፕ ቦርድ ላይ አይነሳም። አንድ ወዳጄ ርካሽ አገኘሁ ብሎ ሁለት ገዝቶ መጣ፣ ስክሪኑ ጥቁር እንደሆነ ቀረ፣ ሻጩም አልመለሰለትም። ሁለተኛው፣ ይሄ ዚኦን ራም የሚያነበው በአራት መስመር ነው፣ ዴስክቶፑ በሁለት። አራቱም ሲሞላ በሰከንድ እስከ 76.8 ጊጋባይት ያሳልፋል፣ አይ5ቱ በዲዲአር4 3200 እስከ 51.2 ነው። ግን ሻጮች 64 ጊጋውን በሁለት ባለ 32 ሰክተው ያስረክባሉ፣ እንደዛ ከሆነ የመስመሩ ግማሽ ባዶ ነው፣ የከፈላችሁበትን ነገር ግማሹን አላገኛችሁም ማለት ነው። ክዳኑን አስከፍታችሁ አራት ባለ 16 መሆኑን በዓይናችሁ እዩ።

አሁን ወደኔ ሥራ ልምጣ፣ ቪዲዮ ላይ የተማርኩት ይበልጣል። የምቀርጸው በሶኒ ኤ7 4 ነው፣ ባለ 10 ቢት 4፡2፡2 (ብዙ የቀለም ዝርዝር የሚይዝ)፣ ኤችኢቪሲ በሚባለው የቪዲዮ መጭመቂያ። ቀለሙ ሲስተካከል ደስ ይላል፣ የሙሽራዋ ነጭ ቀሚስ ከፀሐይ ላይ እንኳን ዝርዝሩ አይጠፋም። ግን ይሄን የተጨመቀ ፋይል ለመፍታት (ከፍቶ ለማጫወት) ከባድ ነው፣ ኤንቪዲያ ካርዶች ደግሞ እስከ አርቲኤክስ 40 ድረስ ያሉት 4፡2፡2ን በሃርድዌር አይፈቱም፣ ከ50ው ጀምሮ ነው የቻሉት። ስለዚህ የኔ 1660 ትቶት ፋይሉ በቀጥታ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል። ዚኦኑ ታይምላይኑ ላይ ሁለት ካሜራ ስደርብ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁ ይሄዳል ምስሉ ይቆማል፣ ሙሽራው ቀለበት ሲያጠልቅ የቱ ፍሬም ላይ እንደምቆርጥ መለየት አልችልም ነበር፣ ሁሉንም ፕሮክሲ (ለኤዲት ብቻ የሚሆን ቀላል ቅጂ) እያደረግኩ ሌሊቱን በዛ ነበር የማሳልፈው።

አይ5-12400 ውስጡ ዩኤችዲ 730 የሚባል ግራፊክስ አለው፣ እሱ ላይ ኩዊክ ሲንክ የሚባለው አለ፣ ይሄ ክፍል 10 ቢት 4፡2፡2 ኤችኢቪሲን ራሱ ይፈታል፣ ኮሮቹን አይነካም። አይ5ቱ ላይ፣ ኤዲት በማደርግበት ፕሪሚየር ያንኑ ሰርግ ስከፍተው ያለ ፕሮክሲ ተጫወተ። ይሄ ነገር ከኮር ብዛትም ከክሎክም (ከጊጋኸርዙ) ጋር አይገናኝም፣ የሰርቨር ዚኦን ኢ5 ውስጥ ግራፊክስ የሚባል ነገር ጭራሽ የለም፣ ሰርቨር ስክሪን አያስፈልገውማ። እዚህ ጋ አንድ ፊደል ተጠንቀቁ፣ 12400ኤፍ የሚባለው ረከስ ይላል፣ "ኤፍ" ማለት ይሄ ግራፊክስ የለውም ማለት ነው፣ ለኔ ሥራ እሱን ብገዛ ኖሮ ዋናውን ነገር አጥቼው ነበር። ሌላ ካርድ ከሰካችሁ ደግሞ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የቦርዱ ማስተካከያ) ገብታችሁ የውስጡ ግራፊክስ እንዳይጠፋ አድርጉ፣ ብዙ ቦርድ ላይ ካርድ ሲሰካ በራሱ ይጠፋል። ከኤችኢቪሲ በፊት በነበረው በኤች.264 የምትቀርጹ ከሆነ ግን ይሄ 12ኛ ትውልድ 4፡2፡2ውን በሃርድዌር አይፈታውም፣ ሶኒ ካሜራው ላይ ወደ ኤክስኤቪሲ ኤችኤስ (የሶኒ ኤችኢቪሲ) ቀይሩት።

"ታዲያ ሰርቨር ፕሮሰሰር ደካማ ነው ማለት ነው?" ብሎ የሚጠይቅ አለ። በፍጹም። እኩያውን ከእኩያው እናስተያይ። በፈረንጅ 2022 ኤኤምዲ ኤፒክ 9654 የሚባል የሰርቨር ፕሮሰሰር አወጣ፣ 96 ኮር፣ በዚያው ዓመት ራይዘን 9 7950ኤክስ የሚባል የዴስክቶፕ አወጣ፣ 16 ኮር። የሁለቱም የኮር ንድፍ አንድ ነው፣ ዜን 4 ይባላል። ግን ኤፒኩ ሲፈጥን 3.7 ላይ ይቆማል፣ ራይዘኑ 5.7 ይደርሳል። ለምን ቢባል ኤፒኩ 360 ዋቱን ለ96 ማካፈል አለበት፣ ራይዘኑ 170 ዋቱን ለ16 ነው የሚያካፍለው፣ ክሎክ ስትጨምሩ ደግሞ ቮልቴጁም ስለሚጨምር ዋቱ ከፍጥነቱ በላይ ነው የሚሮጠው። ሰርቨር የተሠራው ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ የሚጠይቀውን ቀን ከሌት ለመመለስ ነው፣ ዴስክቶፕ የተሠራው ጠረጴዛው ፊት የተቀመጠውን አንድ ሰው ላለማስጠበቅ ነው። ኤፒኩ ራም በ12 መስመር ያነባል፣ ራይዘኑ በሁለት፣ ካሹ 384 ሜጋ ነው፣ እንደዚህ ዓይነት ነገር ለኔ የሰርግ ቪዲዮ ምንም አይጠቅመኝም፣ ለባንክ ዳታቤዝ ግን ሕይወቱ ነው።

ኢሲሲውም እንደዛ ነው። ራም ውስጥ አንዲት ቢት ከዜሮ ወደ አንድ ብትገለበጥ ኢሲሲ ያያታል፣ ያርማታል። እኔ ቪዲዮ ላይ አንድ ፒክስል ቢሳሳት ማንም አያይም፣ የክሊኒክ መዝገብ ወይም የብድርና ቁጠባ ሂሳብ የሚያስቀምጥ ማሽን ላይ ግን አንዲት ቢት ብር ልትሆን ትችላለች። አንድ ቢሮ ውስጥ ለአሥር ሰው ፋይል የሚያካፍል፣ ሁለት ሦስት ቨርቹዋል ማሽን (ኮምፒውተሩ ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር የሚሠራ) የሚያስነሳ ኮምፒውተር የሚፈልግ ካለ ያገለገለ ዚኦን ግዛ ነው የምለው፣ ሳላመነታ።

የአዳማን ነገር ሳልጽፍ ብቀር ግምገማው ጎዶሎ ነው። ሚያዝያና ግንቦት ላይ እኛ ክፍል ውስጥ ከሰዓት በኋላ ግድግዳው ራሱ ይተነፍሳል። ዚኦኑ ሬንደር ላይ ሲሆን 120 ዋቱን እዛች ክፍል ውስጥ ነው የሚለቀው፣ ፋኑ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቀጥላል፣ በሩን ብትከፍቱ ደግሞ አቧራው ይገባል። ነፋሷን ታውቋታላችሁ፣ ተርባይኖቹን ከከተማው ወጣ ብሎ የተከሏቸው በከንቱ አይደለም። በሦስት ወሩ ክዳኑን ስከፍት ማቀዝቀዣው ክንፎች መሃል ቀይ ቡኒ አቧራ እንደ ጨርቅ ተጋግሮ አገኘሁት፣ በጥፍር ሲነካ ተልጦ ይነሳል። በብሩሽና በንፋስ ካጸዳሁት በኋላ የፋኑ ጩኸት ቀነሰ። አሁን ሁለቱንም በየሁለት ወሩ አጸዳለሁ፣ ሬንደር የምናስነሳው ማታ ነው።

መብራትም አለ። ዩፒኤሳችን ትንሽ ናት፣ መብራት ሲጠፋ አይ5ቱ ላይ ሴቭ አድርጌ፣ ፕሪሚየርን ዘግቼ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ ትርፍ ደቂቃ ይኖረኛል። ዚኦኑ ሬንደር ላይ ሆኖ ከጠፋ ግን ጩኸቷ ወዲያው ይፈጥናል፣ ሬንደሩን ማስቆም ራሱ ጊዜ ይወስዳል፣ ሁለት ጊዜ ሥራ ጠፍቶብናል። ተመልሶ ሲመጣም ዜድ440 ራሙን እስኪፈትሽ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ያስጠብቃል፣ መጀመሪያ ጊዜ ተበላሸ ብዬ ደንግጬ ነበር። ዚኦን የሚገዛ ሰው የትልቅ ዩፒኤስ ብር አብሮ ያስላ።

ስለ ጥገናም በአጭሩ፣ ዜድ440 ፓወር ሳፕላዩ 700 ዋት ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ግን ሶኬቱ የራሱ የኤችፒ ነው፣ ከተቃጠለ ፍራንኮ ጋ ካለ ሱቅ አንስታችሁ የምትገጥሙት ዓይነት አይደለም። የዴስክቶፑ ግን የትም አለ። ሌላው ዊንዶውስ ነው፣ ይሄ ዚኦን ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 ከሚቀበላቸው ውስጥ የለም፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 4 ቀን 2018 ላይ አብቅቷል። አስገድዶ መጫን ይቻላል፣ ብዙ ሰው እያደረገው ነው፣ እኛ ግን ኢንተርኔቱን ነቅለን ለሬንደር ብቻ ነው የምንጠቀምበት፣ ፋይል በገመድ ከአይ5ቱ ይመጣለታል።

ለጠየቁኝ ሰዎች የመለስኩትን ልንገራችሁ። ለአካውንታንቷ "እህቴ፣ ለፒችትሪና ለኤክሴል ዚኦን አያስፈልግሽም፣ አይ3-12100 እንኳን ይበቃሻል፣ የተረፈሽን ብር ዩፒኤስና ጥሩ ኤስኤስዲ ላይ አውይው" አልኳት፣ እሱን ልትገዛ ነው። አንዱ ኤዲተር ከቪዲዮው ጎን በብሌንደር አኒሜሽን ስለሚሠራና ጥሩ ካርድ መግዣ ስለሌለው ዚኦኑ ይሻልሃል ብዬዋለሁ፣ ቅዳሜ አብረን ሄደን ክዳኑን አስከፍተን ራሙን እናያለን። ሌላኛው ሰርግ ብቻ ነው የሚሠራው፣ ካሜራው በምን ኮዴክ (ኤችኢቪሲ ይሁን ኤች.264) እንደሚቀርጽ አይቶ ንገረኝ ብዬዋለሁ፣ እስኪደውልልኝ እየጠበቅኩ ነው።